አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት

ዊኒፔግ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ውርጩ ጥርሱን አውጥቶ፣
ሞተር ሳስነሣ፣ ከመስተዋቱ በላይ ያ ዓይን ተከፍቶ
"ደህና አደርሽ" እንኳ ሳይለኝ ማዛጋቴን ቆጠረ፤
የአንገቴን መዞር መዘገበ፣ ሽፋሽፍቴን ሰፈረ።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው፤ መቶ ሰማንያ በር በቀን፤
በየበሩ ደወል አለ፣ በየደወሉ ሆድ ውስጥ ዓይን።
ጣቴ ሳይደርስበት ገና፣ ኮቴዬን ከሩቅ ሰምቶ
ባለቤቱን ይቀሰቅሳል፣ ሌላ ከተማ ስልኩ ላይ በርቶ።
የራሴን ስልክማ ተዉት፤ ጉልበቴን ማመሙን ለባሌ ለደምሴ ሳልነግረው፣
የጉልበት ማሰሪያ በቅናሽ ዋጋ ቀድሞ ያቀረበልኝ እሱ ነው።

እኔስ? እኔም አያለሁ። ዓይን ይዞ የሚዞር ያያል።
ኤሊስ ጎዳና ላይ ለመላጣው ቅባት ማን እንደሚያስመጣ፣
የማን ካርቶን በየዓርቡ ጠርሙስ ከጠርሙስ እያጋጨ እንደሚመጣ፣
የማን የሕፃን አልጋ ሳይፈታ፣ እንደታሸገ፣ ተመልሶ እንደወጣ
አውቃለሁ።
እስከ ማታ ድረስ።
ጓንቴን ሳወልቅ አብሮ ይወልቃል።
ሰው ይደክመዋል፣ ይተኛል፤ ደግነቱ፣ ይረሳል።

ደሴ፣ ልጅ ሆኜ፣ የቀበሌያችን ጆሮ ጠቢ
ይርዳው የሚሉት ነበር፤ የገባ የወጣ መዝጋቢ፣
በእርሳስ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ። እንፈራው ነበር።
ግን ያንቀላፋ ነበር። እርሳሱም ይሰበር ነበር።
ልቅሶ በተከለከለበት ሌሊት፣ የጎረቤታችንን ሲቃ ሰምቶ፣
መስኮቷ ሥር ቆሞ፣ ቆሞ፣
"ዝናብ" ብሎ ጻፈና ሄደ፣ ደብተሩን ብብቱ ከትቶ።
ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዘጠና ሰባተኛው በር።
ሚስተር ፍሪሰን፣ ሽማግሌው፣ ደወሉን ሳልነካው ወጣ፤
በባዶ እግሩ፣ በረዶው ላይ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
እጁ ላይ የሴት ሹራብ፣ ፊቱ ላይ —
ወዲያው ዞርኩ። መንገድ መንገዱን አየሁ።
አይቶ እንዳላየ መሆንን ማንም አፍ አውጥቶ አላስተማረኝ፤
ከጡት ጋር ነው የጠባሁት፣ እንደ ስሜ ነው የተሰጠኝ።
ከዚያ የሆነው ሆነ። በሩም ተዘጋ።

ማታ አለቃዬ ዳሪል ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ፤
"አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ቆመሻል። ምን ነበረ?"
"ጓንቴ ወደቀ።"
"ለጓንት አራት ደቂቃ?"
"በረዶው ጥልቅ ነው።"
ዳሪል ሳቀ። ማሽኑ አልሳቀም፤ ስሜን ቢጫ ቀባው።

በማግስቱ ሳልፍ፣ ደጁ ላይ ሁለተኛ ዓይን ተሰክቷል።
ልጁ ናት፣ ከቶሮንቶ፤ ባዶ እግሩን በስልኳ አይታ ደንግጣ።
ከፍቅር ነው፤ አልፈርድም። ፍቅርም ዘንድሮ ሌንስ አበጅቷል።
እሱ ግን አሁን በሩን የሚከፍተው ፀጉሩን አበጥሮ፣
ለካሜራው ፈገግ ብሎ ነው፤
ገበናውን የት እንደሚያኖረው እንጃ።

ኩባንያው ሁሉ አለው። የእርምጃዬ ቁጥር፣ የትንፋሼ ጉም፣
በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ የብርዱ ልክ፣
የከንፈሬ እንቅስቃሴ ያለ ድምፅ።
አይተኛም፣ አይሰክርም፣ እርሳሱ አይሰበርም።
አንድ ነገር ቸገረው፤
መስኮት ሥር ቆሞ የሚያፍር እጅ።

አንተም፣ እዚህ ድረስ ያነበብክ፣ አውቃለሁ፣ ልትጠይቀኝ ነው፤
ሹራቡ የማን ነበር? ምን አለሽ? ምን አልሽው?
ጠይቅ። መልሴን ጽፌ አስቀምጫለሁ፤
ማክሰኞ፣ ዊኒፔግ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፦
ዝናብ።