ስድስት በመቶ

ግንቡ በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት፣
ሰዉ ጓዙን ጭኖ ወደ ምዕራብ ሲሮጥ፣
ላይፕዚግ ላይ ቀረሁ፤ ከቦዩ ዳር ገዛሁ
ጣሪያው ወንፊት የሆነ ባለ አራት ፎቅ ቤት።

አስተዳዳሪ ልቅጠር? ለምኑ ሲባል!
መካኒክ ነኝ ተምሬ፣ መፍቻ አለኝ በየቁጥሩ፤
ቧንቧው በኮቴ ያውቀኛል፣ ፊውዙ በእጄ ይድናል፣
ኪራዩ ደብተሬ ላይ ነው፣ በእርሳስ፣ በየወሩ።

«ከባለቤቱ ያወቀ» ብዬ ተረት ስጀምር፣
ቡዳው ላይ ሳልደርስ እስቃለሁ ለብቻዬ፤
በዚህ አገር ቋንቋ ቡዳ ስም የለውም፤
ዋጋ ግን አለው አለች፣ አሰላችው ሶስናዬ።
«ስድስት በመቶ ነው፣ ከኪራዩ ይቆረጣል።
አባዬ፣ ጉልበትህ በዓመት ሁለቴ መርፌ ይወጋል፤
ለራስህ ደመወዝ ከፍለህ ታውቃለህ?
ያንተ ጉልበት ከስድስት በመቶ ይረክሳል?»
እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋ ይኮላተፋል፤
ሒሳቧ ግን አይኮላተፍም።

በጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ማሞቂያው ሞተ፤ ምድር ቤት ወረድኩለት፤
ዐሥራ አንድ ዓመት በሽቦ ያሰርኩት፣
በጨርቅ የጠቀለልኩት፣ እንደ አራስ ልጅ ያባበልኩት፣
ተንበረከክሁለት።
ከዚያ መነሣት አቃተኝ።
ለጸሎት እንኳ ያን ያህል ተንበርክኬ አላውቅም።
ሲነጋ ክሩምቢገል ብስክሌቱን ሊያወጣ ወርዶ አገኘኝ፤
የሦስት ወር ዕዳ ያለበት፣
ዕዳውን ያላነሣሁበት፣
እሱ በብብቴ ይዞ አነሣኝ።

በመጋቢት ሄር ዛይፈርት መጣ፤ ጫማው ድምፅ የለው፤
እየዞረ ስንጥቁን ሁሉ በታብሌት ያነሣል።
ደብተሬን ገለጠ ከዳር እዳር፦
«ይሄ የተፋቀውስ?» «እርሳስ ነው፤ ይረሳል።»
ቀልዴ በጀርመንኛ አልተሻገረም።
ዘጠኝ ዓመት የውኃ ሒሳብ ሳላስከፍል መኖሬን
አይቶ አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ጻፈው ብቻ።
ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤
ይህ ሰው ግን ሳይንቀኝ ነው የነቀነቀው አጥሬን።

አዲስ ማሞቂያ ገባ። ደብዳቤ በየበሩ ተበተነ።
እኔ ከበሬ ኋላ ኮቴ ሳዳምጥ ሰነበትኩ፤
ኑ፣ ክሰሱት፣ አስታርቃለሁ፣
ሽማግሌ አይደለሁ? እያልኩ።
ማንም አልመጣም።

በሐምሌ ደረጃው ላይ ፍራው ኖይባወርን አገኘኋቸው፤
ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው ቤታቸው።
«መስኮቴ ተሠራ!» አሉኝ። «ዐሥራ አንድ ክረምት ነፋስ ሲያስገባ ኖሮ!»
«ለኔ ለምን አልነገሩኝም?»
እጄን ነካ አደረጉ።
«ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሽዎ ይሰማኝ ነበር።
ለዛይፈርት ማዘን የለብኝም፤ ይከፈለው የለ?
ደውዬ እጮኽበታለሁ። እንዴት ደስ እንደሚል!»

እኔ ስምር የኖርኩ መስሎኝ፣
ለካ ሲምሩኝ ነው የኖሩት።
ይህን ሶስናም አላሰላችው።

ቬትናማዊቷ ሊየን ግን በጥቅምት ለቀቀች።
የጥፍር ሱቋ ገቢ አዲሱን የውኃ ሒሳብ አልቻለም፤
ሃያ ዓመት በእርሳስ ኖራ፣ በቀለም መኖር አልሆነላትም።
ቁልፉን ለእሱ አስረከበች። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ።
እጇን አነሣችልኝ።
ያም ከስድስቱ በመቶ ውስጥ ነው።

አሁን ሌሊት ስልኬ አይጮኽም፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እነቃለሁ፣ እንደ ልማዴ፤
ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ
ቢያፈስ ምናለ እላለሁ፣ በሆዴ።

ትናንት በሬ ሥር ደብዳቤ፦
«ውድ የምድር ፎቅ ነዋሪ፣
የመሣሪያ ሣጥንዎን ከኮሪደሩ ያንሡ፤
የእሳት አደጋ ደንብ ነው።» ማኅተም። አክባሪዎ።
ሁለቴ አነበብኩት። ልክ ነው።
አነሣሁት። እንዴት ከብዷል!
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ መነጽሬን አጠለቅሁ፣
ቁጥሩን ደወልኩ፦
«ሄር ዛይፈርት? የምድር ፎቅ ነኝ።
የኔም መስኮት ነፋስ ያስገባል፤
ሰው ይላኩልኝ!» ብዬ ጮኽሁ።