ሣጥን ቁጥር አርባ ሰባት

ድሬንተ ጫካ ውስጥ፣ ግንቦት እንደ ባተ፣
ጉሙ ከኦኮቹ ሥር ገና እንደ ተኮረተ፣
ደብተሯን በብብቷ ይዛ ሂልትዬ መጣች፣
በአዘቦት ፖስተኛ፣ ቅዳሜ ወፍ ቆጣሪ የሆነች።
መቶ አሥር ሣጥን አለ፣ አባቷ የሰቀለው፣
ሚስማሩን የዛፉ ቅርፊት ውጦ ያስቀረው።

ጣቷን አጥፋ አንኳኳች፣ እንደ ሰው ቤት ደጃፍ፤
ክዳኑን ገለጥ አርጋ አየች በጨለማው አፍ።

ባለ ቢጫ ደረቷ ወፍ ዓይኗን አፍጥጣለች፣
«እሽሽ» ብላ እንደ እባብ ክንፏን ትነፋለች፤
ከሥሯ ስምንት እንቁላል፣ ነጭ፣ ባለ ጠቃጠቆ፤
ከእንቁላሉ ሥር፣ በሣሩ ውስጥ፣ አንድ ነገር ተደብቆ፤
ጥቁርና ነጭ ላባ፤
አናቱ ተፈልፍሎ፣ አንጎሉ ተዝቆ።

እግሩ ላይ ቀለበት አለ። ቁጥሩን አነበበች።
አምና በጣቷ ያሰረችው ራሷ ነበረች።

ሲመዘን ደብዳቤ ነው፣ አንድ ቴምብር ይበቃዋል፤
ግን ከጋና ደን ተነሥቶ ሰሃራን ያቋርጣል።
እዚያ ተቀምጦ ሳለ ማን መጥቶ ይንገረው፣
ቦዩ ዘንድሮ እንዳልረጋ፣ በረዶም እንዳልዞረው?
እሱ የሚያውቀው የቀኑን ርዝመት ነው ብቻ፣
አያቶቹ የተዉለትን የመንገድ መባቻ።

ፀሐይ ሰዓቷን አልሳተችም፤ ዛሬም የጥንቷ ነች፤
ኦኩ ግን ሙቀት ነው የሚሰማው፤ እምቡጧ ቀድማ ፈነዳች፤
ለስላሳው ቅጠል በወጣ ማግስት አባጨጓሬው ፈላ፣
ቢጫ ደረቷም ተጣደፈች፣ ጫጩት ልታበላ፤
አንዱ አንዱን እየሳበ ማዕዱ ወደ ሚያዝያ ሸሸ፤
እንግዳው ሲደርስ ግብሩ ተነሥቶ፣ ቀኑ መሸ።
ክረምቱም ራርቶ ነበር፤ ብርድ ያልገደላቸው
ቢጫ ደረቶች በዙ፤ ሣጥኑ አነሳቸው።
በአንድ ቀዳዳ ሁለት ባለቤት ተገናኘ፤
አንዷ አራስ፣ አንዱ መንገደኛ።
የሆነውን ሣጥኑ ብቻ አየ።

የአባቷ ደብተር፦
«1973። የመጀመሪያው እንቁላል ሚያዝያ 28።
1994። ሚያዝያ 19። ኦኩ ቀድሟል።
2010። ሚያዝያ 12። ዓይኔ ደከመ፤ ቁጥሩን ልጄ አረጋገጠች።»
ከዚያ ወዲህ ጽሕፈቱ የሷ ነው።
ሽፋኑ ላይ ግን፣ በወፍራም እርሳስ፦ «ቁጠሪ እንጂ አትፍረጂ።»

በኪሷ ቆርቆሮ አለ፣ በመሐሉ ቀዳዳ፣
ቢጫ ደረት የማታልፍበት፣ የሚበቃ ለእንግዳ።
አርባ ስምንት ላይ ልትመታው መዶሻዋን አነሣች፣
ቆመች፣
መልሳ ከተተች።
(ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ መሰላል ያዥ ነበርኩ፤ ፊቴን አዙሬ ነበር።)

ስልሳ ሁለት ውስጥ አንዲት እንግዳ፣ ቀድማ የደረሰች፣
አምስት ሰማያዊ እንቁላል አቅፋ ተኝታለች።
እናቷ ችኩል ኖራ ይሆን? ወይስ ነፋስ አዝሏት?
ሂልትዬ አልጠየቀችም። «አምስት» ብላ ጻፈችላት።

ማታ፣ አሰን ከተማ፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ቪብረን ወደማያየው መስኮት ዞሮ ሲጠብቅ፣
ቁጥሮቹን አነበበችለት፣ አንድ በአንድ፣ በቀስታ፤
አርባ ሰባት ጋ ስትደርስ ግን ቆየች ለአፍታ።
«ጥቁርና ነጩስ? መጣ?»
«መጥቷል» አለች።
አልዋሸችም። መጥቶ ነበር።

እጅጌዋን ሲዳብስ፣ ጣቱ አንድ ነገር ያዘ፣
በሐር ክሩ ተንጠልጥሎ ከጫካው አብሯት የተጓዘ።
አረንጓዴ አባጨጓሬ። በሁለት ጣቶቹ መሐል
ውፍረቱን መዘነው፣ ነጋዴ እንደሚመዝን እህል።
«ጠግቧል» አለ። «ሊወርድ ነው፤ አፈር ሊገባ።
ዛሬ ስንት ነው?»
«ግንቦት ስምንት፣ አባባ።»

ዝም አለ። መዳፉን ዘርግቶ እንደ ተወው ቀረ፤
ትሏም ጎብጣ እየተዘረጋች፣ ስንዝር በስንዝር፣
የሽማግሌውን እጅ ትለካ ጀመረ።