አንድ ክንድ ለአንድ ጣት

ከሳንቲያጎ ይመጣል የተባለው ሣጥን፣
ሚዛኑ፣ በከራው፣ የብርጭቆው ቱቦ፣
ወደ ቺሎዌ ደሴት ሳይሻገር ቀረ፤ አድራሻው ረጥቦ።

መምህርት ዶሚቲላ አላዘነችለትም። ከአባቷ ጀልባ ቤት
መጥረቢያ ይዛ መጣች፣ ብሎን፣ ሁለት ማጠፊያ፣
የተሰበረ መቅዘፊያ።
«እንካችሁ ቤተ ሙከራ።»

ብሎን ማለት ዳገት ነው፣ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ፣
ድካሙን አለዝቦ መንገዱን ያስረዘመ።
በሩን በማጠፊያው በኩል ግፋ አለችኝ፤ ገፋሁ፤ እምቢ አለ፤
በእጀታው በኩል ግን ትንሿን ጣቴን ሰምቶ ወለል አለ።

ስሜ ኢሳውሮ ነው፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የቀለልሁ፣
ነፋስ በተነሳ ቁጥር ኪሴን ድንጋይ የተሞላሁ።

በሚያዝያ ባሕሩ ዳርቻውን ሲበላ
የሮሳልባ ቺጓይ ቤት ተነስቶ ይሂድ ተባለ።
እኛ ዘንድ ቤት ይጎተታል፤
በግንድ ላይ እየተንከባለለ እንደ ጀልባ ይሄዳል።
ስምንት ጥማድ በሬ፣ መንደሩ በሙሉ ለደቦ ወጣ።
ባልቴቷ ብቻ አልወጣችም፤ «ቤቴ ከሄደ እኔም አብሬው!» ብላ
ምድጃዋ ጥግ ተቀመጠች፣ አንድ ኩባያ የፖም ጠጅ ሞልታ።

መንገድ መሃል ላይ ቤቱ ቆመ።
አንዱ ማዕዘን ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ በሬው አረፋ ደፈቀ፤ ሰው ደከመ።

ዶሚቲላ የጀልባ ምሰሶ አስመጣች፣
ከማዕዘኑ ሥር ሰደደች፣
ድንጋይ አስደገፈች፣ ለቤቱ ቀረብ አድርጋ።
«ኢሳውሮ፣ ጫፉ ላይ ተንጠልጠል።»
ሳቁ። በሬ ያቃተውን ይሄ ላባ?

ተንጠለጠልሁ።
ጫፉ ከእኔ ጋር ወረደ፣ አንድ ክንድ ሙሉ፣ ቀስ፣ ቀስ፤
ማዕዘኑ ከጭቃው ተላቀቀ፣ ጣት ያህል፣ እንደ እስትንፋስ።
ከውስጥ ጩኸት ተሰማ፦ «ደግሞ ምን ሆነች ይቺ ምድር?
ጠጄ ተስተካከለ! ከጠዋት ጀምሮ ወደ በሩ አጋድሎ ነበር!»

ግንድ አስገቡ። በሬዎቹ ተነሱ። ቤቱ ሄደ።

ማታ ለድግሱ ድንች ስንልጥ፦ «ቤቱን ማን አነሳው?» አለች።
«ኢሳውሮ!»
«እሱ ስንት ወረደ?» አንድ ክንድ። «ቤቱስ?» አንድ ጣት።
«እንግዲህ ዋጋው ይኸው። መሣሪያ አበዳሪ ነው፣ ለጋስ አይደለም፤
በጉልበት የማራችሁን በመንገድ ሳያስከፍል አይለቅም።»
ልጣጩን ወደ ባልዲው ወረወረች። ሳተች።

ሣጥኑ በሰባተኛው ዓመት መጣ፣
ክዳኑ ዙሪያውን በምስማር ተመትቶ።
መክፈቻው ውስጡ ነበር።
በዚያው በተሰበረው መቅዘፊያ ፈነቀልነው።