ከድንጋዩ ወዲህ

ክርያት ጋት፣ ረቡዕ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ፣
ስልኬ ብልጭ አለና «ዘገየብሽ» አለኝ፣
«ሦስት ቀን አልፎሻል»፤ ማነው የቆጠረልኝ?

እርግጥ፣ እኔው ነኝ። ልጄ ኤፍራት ጭናልኝ፣
«እማ፣ ይጠቅምሻል፣ ይቆጥርልሻል» ብላኝ፣
የዕብራይስጡን ጽሑፍ፣ ያን የማያልቅ መዓት፣
ሳላነብ «እስማማለሁ» ብዬ ነካሁት ባንድ ጣት።

ሦስቱ ሰባት ሆነ፣ ሰባቱም ዐሥራ አንድ፤
ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእህትም፣ ለዘመድ።
አርባ ስምንት ዓመቴ። ገላዬ በዝግታ
የጓዳውን በር ሊዘጋ ነው፣ ያለ ኳኳታ።
ሌሊት እንደሚያልበኝ፣ ድንገት እንደሚያነደኝ
ትራሴ ነው የሚያውቀው፤ እሱ እንኳ አልከዳኝ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ በድንገት፤
ማር ማር የሚል ድምፅ ያላት የኢንሹራንስ ልጅ ናት፣
ከፔታ ትክቫ። «ሻሎም ስንዱ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?
በዚህ ዕድሜ ማላብ፣ መጋል፣ የተለመደ ነው፤
አጥንትም ይሳሳል፤ ላንቺ የሚሆን ዋስትና
በወር ሰማንያ ዘጠኝ ሸቀል ብቻ ነውና…»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።
«ማንም! ሲስተሙ ነው» አለች፣ ሳቅ እያለች።

ሲስተሙ።
የማን ልጅ ነው? ሰፈሩ የት? እናቱስ ማናት?
መቼ ተዋወቅንና ገላዬን ተረከላት?

እኔ ፋብሪካው ውስጥ፣ በነጭ ልብስ ተሸፍኜ፣
ዓይኔ ብቻ እየታየ፣ እንደ ሙሽራ ሆኜ፣
ቺፕ የሚሠራበትን ወለል ስወለውል አድራለሁ።
ለነሱ፣ ያቧራ ቅንጣት እንዳትደርስ ይጠበቃል፤
የኔን ጓዳ ግን አላፊ አግዳሚው ያውቃል።

ለእናቴ ነገርኳት። ድንቄ ሰማንያ አልፏታል፤
ጆሮዋ ቢደክምም፣ ነገር ግን ይገባታል።
«በእኛ ጊዜ» አለች፣ «የደም ጎጆ ነበረ፤
ማን እንደገባች መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበረ።
የትናንት ሕፃን እንኳ ‹እማዬ ጎጆ ናት› ይላል።»

«አታፍሩም ነበር ወይ?»
«ማፈሩስ አለ፣ ልጄ፤
ግን ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሬያለሁ በገዛ እጄ።
እህል የሚያመጣ እዚያው አኑሮ ይመለሳል፤
ባል ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ከድንጋዩ ማን ያልፋል?
ውስጥ የተጫወትነው፣ የሳቅነው፣ ያማነው፣
እስከ ዛሬ ድረስ የኛ ነው፤ የኛ ብቻ ነው።»

ከዚያ ስልኬን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው፤
«የዚህስ» አለችኝ፣ «ድንጋዩ የት ነው ያለው?»

ማታ ላጠፋው ስል፣ «ከመለያየታችን በፊት
ምክንያትሽን ምረጪ» ብሎ ደረደረ አምስት።
«ውድ ነው»፣ «አልገባኝም»፣ «ስልክ ቀይሬያለሁ»…
የኔ አልነበረበትም። «ሌላ» የሚለውን ነካሁ።
«ሌላውን አብራሪልን» አለ። ለሱ? ምን ላብራራ!
ያንንም ሊጽፈው ነው፣ ከቀረው ጋር በተራ።

ዓርብ ጠዋት ከላኪሽ ወንዝ፣ በጋ ካደረቀው፣
ሰባት ድንጋይ ለቀምኩ፤ በፌስታል አንጠልጥዬው
ሦስት ፎቅ ወጣሁ፣ ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው።
ጠረጴዛው መሐል ስልኬን አኖርኩት፣
ድንጋዮቹን ዙሪያውን ደረደርኩበት።
ለቀልድ ነው፣ ግማሹ።
ግማሹን አላውቅም።

ኤፍራት ገብታ አየችው፣ ሳቀች፣ ጎንበስ አለች፤
«ተይ» ከማለቴ በፊት ፎቶውን አነሳች፤
ወዲያው ለቀቀችው፣ ላየም ላላየም።
«እማ፣ ሰው ወደደው! ሁለት መቶ ደረሰ፤
ምንድን ነው እያሉ ነው፤ ምን ብዬ ልመልስ?»

እናቴ ከሶፋው ላይ ጆሮዋን አቀናች።
«ሁለት መቶ ሰው?» አለች።
ድንጋዮቹን ባይኗ ቆጠረች፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ሰባት፤
«እነሱስ» አለች፣
«ከድንጋዩ ወዲያ ናቸው፣ ወይስ ወዲህ?»