ስፌት የሌለው

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ መርካቶ ሳይደረስ፣
ጠባቧ በረንዳዬ፣ መኪናዬ፣ የሰው ሁሉ ልብስ።
እዚያ ነው ልጄ ረምላ በቴምር ካርቶን ያመጣቻት፣
ወንዝ ዳር የሰፈር ልጆች በድንጋይ ሲያሯሯጧት።
ቡናማ፣ ቀጭን፣ ጫጩት እባብ። ክር አለቻት።
የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ሌላ ምን ብላ ትጥራት?

ጎረቤቴ ዘቢባ ሳምንት ሙሉ ደጄን አልረገጠችም፤
የከብት ሐኪሙ ቶፊቅ አፏን ከፍቶ አየና «መርዝ የላትም፤
ጨለማ ነው የምትወድ፣ ሰው አትነካም።»

የካቲት ነበር። ጅማን ዝናብ የነፈጋት፣
ጭቃ የለመደው መንገድ አቧራ የተፋባት።
እኔም «ይበርዳት ይሆን» ብዬ፣ በፍቅር፣
ካርቶኑን ከከሰል ካውያዬ አስጠጋሁት፣ እንዲሞቃት ለክር።

ዐይኗ ደፈረሰ፤ ወተት የነካው ሰማያዊ ጭስ፣
ገላዋ ደበዘዘ፣ ባለቤቱ እንደረሳው ልብስ።
«ልትለውጥ ነው» አለ ቶፊቅ፤ «በአፍንጫዋ ትጀምራለች፣
እንደ ካልሲ ገልብጣ፣ ራሷ ትጥለዋለች።»

ሦስት ቀን ጠበቅን። አራት።
አልወጣም። ተቦጫጭቆ እዚህም እዚያም ደረቀባት፤
ዐይኖቿ ላይ ቅርፊት፣ ጭራዋ ላይ ቀለበት፣
ጣት ላይ እንደጠበቀ ክር፣ ደም የሚከለክላት።
«ካውያህ ነው» አለኝ ቶፊቅ፣ ሳይቆጣ። «አንተ ነህ ያደረቅካት።»

ረምላ መቀስ አነሳች። እጇን ያዝኩት።
እኔ፣ ሠላሳ ዓመት በመቀስ እንጀራዬን የቆረጥኩት፣
«ይሄ» አልኳት፣ «ይሄ የሚቆረጥ አይደለም፤
የዐይኗን ብትነቅይው፣ ዐይኗም አይተርፍም።»

ለብ ያለ ውሃ በሳህን፤ በክርኔ ለካሁት፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ፣
ጥልቀቱ አንድ ጣት የማይሞላ።
ቀጥሎ እርጥብ አቡጀዲ፣ ከትራፊ ጨርቅ የተለየ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣
በረምላ መዳፍ ላይ እንደ ዋሻ የተነሳ።
«አትሳቢ። አትጫኚ። እሷ ትሂድ፣ አንቺ ቁሚ፤
ልብሷን ጨርቁ ይያዝላት፣ አንቺ መንገዷን ብቻ ስሚ።»

ገባች። ወጣች። ተመልሳ ገባች።
አንዴ ቆማ ቀረች፣ ሞተች ብለን ደነገጥን፤ ምላሷን አወጣች።
የዙህር አዛን ተሰማ፣ የአስርም ተከተለ፤
ደንበኛ መጣ፣ «ሱሪዬስ?» አለ፤
«ነገ» ሳልለው፣ የልጄን መዳፍ አይቶ፣
«ከነገ ወዲያም ይደርሳል» ብሎ ሄደ፣ ሰላምታውን ረስቶ።

ማታ መብራት ጠፋ። በስልክ ብርሃን
ጨርቁን ገለጥን፤
የጭራው ቀለበት ወልቋል፣ የግራው ዐይን ጠርቷል፤
የቀኙ ግን እንዳለ ነው፣ እንደ ብርጭቆ አዝራር ያበራል።
ውሃ ጨመርን፣ ጠበቅን፣ አልሆነም።
ቶፊቅ በስልክ፣ «ይቆይ፤ ለሚቀጥለው ነው» አለ፤ «ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም።»

ትልቁን ቁራጭ በስፒል ጠረጴዛዬ ላይ ወጠርኩት፣
መነጽሬን ጠርጌ ስፌቱን ፈለግኩት።
የለውም። የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም፣
እጅጌ የለው፣ ኮሌታ የለው፣ እንከን የለውም።
ስንቱን ኮት አጥብቤ ስንቱን ሱሪ አስፍቼ፣
እንዲህ ያለ ልክ አላውቅም፣ እንኳን ሰፍቼ አይቼ።

ጠዋት ዘቢባ ብቅ አለች፣ አየችው፣ ጮኸች፣
ወንበሬን ገልብጣ እስከ መንገድ ሮጠች።
«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል የአገር ሰው፤
ልጡም የእባብ ሲሆን ግን፣ ተረቱ ምንድን ነው?
ሳቅን። እሷም ከመንገድ ማዶ ሳቀች፣ ግን አልተመለሰችም።

በዚያው ሳምንት የረምላን ዩኒፎርም ፈታሁ፤ ጠርዙን ሦስተኛ ጊዜ ለቀቅኩት፤
ከእንግዲህ ትርፍ የለውም፣ እስከ ጫፉ ነው ያወጣሁት።
«ነይ፣ ልለካሽ፤ አዲስ ልስፋ።»
ቆመች። አየችኝ። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አነሳች፣ እንደ ዋዛ፤
«ራሴ እለካለሁ፣ አባ።»
በሩም ተዘጋ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይንኳኳ።

ከውጭ ቆየሁ።
ከዚያ ካውያዬን አንስቼ፣
ከበሯ አራቅኩት።