አማካዩ ጨመረ

ዱሉዝ ላይ ጥር ሲብት፣ ሐይቁ ጫፉ ነጥቶ፣
መርከብ ወደብ ይዟል፣ ሊከርም ተኝቶ።
እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ ስልክ በትከሻዬ፣
ደመወዝ መቁጠር ነው የሳምንት ሥራዬ።
ንግድና መጓጓዣ፣ መብራትና ውኃ
ባንድ ዓምድ ይሰፍራል፣ ያለውና ድኃ።
«በዚህ ሳምንት» እላለሁ፣ «የሠራው ስንት ሰው?
ስንት ሰዓት ቆየ? ክፍያው ስንት ነው?»
ይነግሩኛል። ጽፌ፣ ደምሬ፣ አካፍዬ
አንድ ቁጥር አወጣለሁ፣ «አማካይ» ብዬ።

አማካይ የሚሉትን ሰው ግን
እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም፤
ፌርማታ ላይ ቆሞ እጁን አላፋተገም፣
ምሳውን በፌስታል ይዞ አልተሳፈረም፣
የጫማውን ቁጥር የነገረኝ የለም።

የማውቀው ዶሪንን ነው፤ ዶሪን ላካነንን፣
የሃርድዌር መደብር ገንዘብ ተቀባይዋን፤
ምስማር በመዳፏ መዝና የምትሸጥ፣
ግማሹን ቀን ቆማ፣ ግማሹን ሳትቀመጥ።
ሠላሳ ሁለት ሰዓት በሳምንት ተሰጥቷት፣
ከዚያ አንዲት ደቂቃ እንዳታልፍ ተነግሯት፤
አራት መቶ ሰማንያ፣
እሱም ሳይቆረጥ።

የማውቀው ሬይ ዲፎን፣ ጨው ጫኙን ሾፌር፤
በማይል ነው ሂሳቡ፣ ጎማው ሲሽከረከር፤
ጎማው የቆመ ለት ኪሱም ትቆማለች፣
ሚስቱ ትንበያውን እንደ ዳዊት ትደግማለች።
ትሮይን ደግሞ አውቃለሁ፣ የምሰሶውን ሰው፣
ከተማ ሲጨልም ስልኩ የሚጮኸው።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ።
ዝናቡ መሬት ሲነካ መስታወት ሆነ፤
ቅርንጫፍ ከበደው፣ ሽቦ ረገበ፣
ምሰሶው እንደ ክብሪት እንጨት ሃያ ቦታ ተቀነጠሰ።
ትሮይ ሰማንያ አራት ሰዓት ሠራ፣
ትርፍ ሰዓቱ በእጥፍ፣
መኪናው ውስጥ እያደረ፣
የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ጣቱን እስኪያቅተው።
ሬይ ነዳጅ ማደያ ጥግ፣ ሁለት ሌሊት፤
ማይል፦ ዜሮ።
መደብሩ ጀነሬተሩን ሁሉ ሸጦ ጨረሰ፤
ዓርብ ዕቃ ቆጠረ፣
ቅዳሜ ሰው ቀነሰ፣ ሰባት።
ዶሪን ቀዩን ሽርጧን አጣጥፋ
ቆጣሪው ማሽን ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ማክሰኞ ደወልኩ። ደመርኩ። አካፈልኩ።
አማካዩ ጨመረ፣ በሠላሳ አንድ ዶላር።
ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ያው ሠላሳ አንድ።
ስሌቱ አልዋሸም፤
ዶሪን ብቻ የለችም።
ወንፊት ሲነቀነቅ ደቃቁ ይወርድና
የቀረው በሙሉ ትልቅ ይመስላል።

አለቃዬ ክሬግ ግራፉን አይቶ
«ሸጋ መስመር!» አለ፤
በጣቱ ሽቅብ ተከተለው፣
ጫፉ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን መታ መታ አደረገ።
ግርጌ ማስታወሻ ልጽፍ ቦታ ፈለግሁ፤
ሣጥኗ ጠባብ ናት፣ ስልሳ ፊደል ትይዛለች፤
ሰባት ሰው ከነሽርጡ አይገባባትም።
«የአየር ጠባይ» ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ ፌርማታ ላይ አገኘኋት።
ጓንቷን አውልቃ ሳንቲም ትቆጥራለች፣
በመዳፏ እየመዘነች፣ እንደ ምስማሩ።
«ሬዲዮው ደመወዝ ጨመረ ይላል» አለችኝ፤
«እውነት ነው እንዴ? መቼስ አንቺ ታውቂያለሽ።»
ከወደቡ በኩል አውቶቡሱ ታጠፈ፣
መብራቱ በበረዶው ላይ ተንሸራተተ።
«እውነት ነው» አልኳት።
«እሰይ» አለች።
ከልቧ ነበር፤ እሱ ነው የከበደኝ።
ሳንቲሞቿን አንድ በአንድ ጣለች፤
አንዷን ሣጥኑ መልሶ ተፋት፣
ወለሉ ላይ ተንከባለለች፣
ጎንበስ ብዬ አነሳሁላት።