ሰንሰለት የነከሰው

ጌንት፣ ሌይ ወንዝ ዳር፣ ከተልባ እግር መፈተያው ጀርባ፣
አንድ ጠባብ ቤት አለ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲገባ
የከረመ ጥንስስ ሸቶት፣ ጠላ መስሎት ይስቃል፤
ሃትሱዌ ክዳን ስታነሳ ሳቁ ከአፉ ይወድቃል።

ጋኑ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል፣ የአመድ ውኃ፣ ፉርሽካ፣
ሙቀቱ እንደ ሕፃን ገላ በክርን የሚለካ።
አንዳንዴ "ተኝቷል" ትላለች፤ አንዳንዴ "ነቅቷል፣ ተራበ"፤
አረፋው ሐምራዊ ሆኖ መሃል ላይ ተሰበሰበ።

ነጩን ፈትል ትነክራለች፤ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።
"ገና ነው" ትላለች። "አየር ይቅመስ።"
ገመድ ላይ፣ ዓይናችን እያየ፣
እንደ ወደቀ ልጅ ጉልበት
ቀስ እያለ ይበልዛል።

እኔ ሐሙስ ሐሙስ ቀሰም እጠቀልላለሁ፤ ክፍያዬ ሾርባ ነው።
ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ፣ የማውቀውን ስም ሁሉ ቆጠርኩላት፤
የሷ ሥራ ግን ከስሞቼ በአንዱም ውስጥ አልገባላት፦
ሁለት ድር፣ ሁለት ማግ፣ አንድ ዘንግ ላይ የተጠቀለለ፣
ሰማያዊው ከላይ፣ ነጩ ከሥሩ እየተከተለ፤
ሐረጉ ጋ ሲደርሱ ቦታ ይለዋወጣሉ፣
ሳይሰፉ፣ ሳይጣበቁ፣ መሃል ነፋስ ያስቀራሉ።
"ባገሬ ስሙ ነፋስ ያለፈበት ነው" አለችኝ።

ሰምና ወርቅ ልላት ነበር። ተውኩት።
እዚህ የሚቀልጥ የለም፤
ሁለቱም ፊት ናቸው፣ ሁለቱም ገበር።

ማክሰኞ የልጇ ልጅ ዋነስ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
የቅድመ አያቱን ጨርቅ የብስክሌት ሰንሰለት ነክሶት፣ ግራሶ ጠጥቶ።
"ብርድ ነበር፣ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት" አለ።
ስልሳ ዓመት መስኮት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ የጠባው ጨርቅ፣
ሰማያዊ እንደነበር ከሷ በቀር ማንም የማያውቅ።

አልተቆጣችም። መነጽሯን አደረገች፤
የተቀደደውን ከንፈር በመርፌ ጀርባ ገለጠች።
ውስጡ፣
ብርሃን አይቶት የማያውቅ የድርቡ ሆድ፣
እናቷ ከጋን ያወጣችው ዕለት እንደነበረ፣
እርጥብ የሚመስል ሰማያዊ።
ዋነስ ነካውና፣ ቀለም የያዘው መስሎት ጣቱን አየ።
ግራሶ ብቻ ነበር።

"ክር ላዘጋጅ?" አልኳት።
ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዞረችው።
"ገና ነው" አለች። "አየር ይቅመስ።"
ምድጃው ላይ ሾርባው ገነፈለ፤
ማንም አልተነሳም።